ገደል አፋፍ ላይ የሰማሁት ሳል

ታዴዬ፣ የምህረት አባት፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው በልግ ገባ። ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ላይ ዳገቱ ላይ ሴቻ በጉም ተሸፍና ነበር፤ እኛ ጋ ታች ሲቀላ ግን ሙቀቱ ገና በማለዳ ጀመረ። ብትኖር መስኮቱን ከፍተህ "ዛሬ ወፉ ሁሉ ይወጣል" ትል ነበር።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። የጓሮው ማንጎ እንደ ጉድ አፈራ፤ ግማሹን ዝንጀሮ ጨረሰው። ጫማዎችህን ለወንድምህ ሰጠሁ፤ ኮትህን ግን እጄ እምቢ አለኝ። የልጃችንን የምህረትን ክፍል ከጎጃም ለመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራየሁት። ጨዋ ልጅ ናት። ከገባች ብዙም ሳትቆይ ቁርስ እየበላን፣ "እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ የሚያስሉት አባባ ማን ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ስላንተ ምንም አልነገርኳትም ነበር። ፎቶህንም ገና ከሳጥን አላወጣሁትም። "ጎረቤት ይሆናል" አልኳት፤ ሻይዋንም ሞላሁላት። ያቺን ደረቅ፣ ደገም የምትል ሳልህን እኔም ስሰማት ከርሜአለሁ። ሐዘኔ የፈጠረው ነው ብዬ ነበር ለማንም ያልተናገርኩት።

ከመለየትህ በፊት የነበረውን ያን ሰሞን ታስታውሳለህ? ምህረት ከስኮትላንድ ደውላ፣ "አባዬ፣ የዓመት ፈቃዴን ከናንተ ጋር እዚህ ሰሜን ያለች ደሴት ላይ ነው የማሳልፈው፣ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ" ስትልህ ስልኩን እንደያዝክ ቆመህ ቀረህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ ስታስተምር፣ በየቅዳሜው ተማሪዎችህን ይዘህ አባያ ሐይቅ ዳር ስትዞር፣ የባሕር ማዶ ወፍ በመጽሐፍ ብቻ ነበር የምታውቀው። የደሴቷን ካርታ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመህ፣ ገጾቹን በፕላስተር አገጣጥመህ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋኸው። ከዚያ በኋላ ራታችንን በጉልበታችን ላይ ይዘን ነበር የምንበላው። ለየቀኑ የእግር መንገድ በእርሳስ አሰመርክ። እኔ እንዳይከብደኝ ርቀቱን በኛ ሀገር ትነግረኝ ነበር፦ "ይቺ ከሲቀላ ሴቻ ብትሆን ነው፤ ያውም ዳገት የላትም።" የገደሉን መንገድ ለመጨረሻ ቀን አስቀመጥከው። ምንቃሩ ለሠርግ የተኳለ የሚመስለው የባሕር ወፍ እዚያ ጎጆ ይሠራል ብለህ ነበር።

ቪዛው በወጣ ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ "ትንሽ ጋደም ልበል" ብለህ ገባህ። ሻይ ይዤ ስመጣ እጅህ ቀዝቅዟል። በተወለድክበት ገረሴ፣ ከአባትህ ጎን አስተኛንህ።

እኔ መሄዱን ትቼው ነበር። ያለ አንተ የወፍ ሀገር ምን ያደርግልኛል? ለሙት ዓመትህ ገረሴ የተሰበሰብን ቀን እናትህ ናቸው የተቆጡኝ። ከመቃብርህ አልነሳም ብዬ ተቀምጬ ሳለ በጋሞኛ፣ "ልጄ እዚህ አፈር ውስጥ ነው። አንቺ ግን ገና አፈር አልገባሽም። ተነሺና ልጅሽን እይ" አሉኝ። እመጣለሁ ብዬ ለምህረት የደወልኩት በማግስቱ ነው።

ደሴቷ ዛፍ የላትም፣ ታዴ። ነፋስ፣ በግና ሣር ብቻ ነው። ፀሐይዋ መጥለቅ የማታውቅ ትመስላለች። እኔና ምህረት ያንተን ካርታ ይዘን፣ ያንተን መስመር ተከትለን ሄድን። በየመንገዱ አንድ እርምጃ ከፊቴ ያለህ ይመስለኝ ነበር። ምህረት ሳይታወቃት ለሦስት ሰው ሻይ ስታዝ ሰማኋት፤ አላረምኳትም።

የመጨረሻው ቀን ወደ ገደሉ ወጣን። መንገድ ላይ ሳለን ጉም ከባሕሩ ተነስቶ በአንድ ጊዜ ዋጠን። ምህረት የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች፤ እኔ እግሬ አልቆም ብሎኝ ቀጠልኩ። ያኔ ከፊቴ ሳልክ።

"ታዴ?" አልኩ። ደግመህ ሳልክ፤ ትንሽ ራቅ ብለህ። አባያ ዳር ሸምበቆው ሲውጠን እንዲያ ነበር የምትመራኝ፤ እየሳልክ፣ እኔም ድምፅህን እየተከተልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ አልፈራሁም። ደስታ ነው የተሰማኝ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ማዘቅዘቁን እያወቅኩ ሄድኩ።

"እማዬ! ቁሚ! እንዳትንቀሳቀሺ!"

ባለሁበት ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ጉሙን ሲገልጠው ከጫማዬ አፍንጫ ወዲያ መሬት አልነበረም። ከታች ባሕሩ ይፈላል። ከአፋፉ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ነጭና ግራጫ ወፎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ አንገቷን ዘርግታ ምንቃሯን ከፈተችና ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ሳለች።

ምህረት ከኋላ አቅፋ ጎተተችኝ። "የት ልትሄጂ ነበር?" አለችኝ።

"አባትሽ የጠራኝ መሰለኝ። ሲስል ሰማሁት።"

አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ "እኔም ሰምቼዋለሁ፣ እማዬ" አለች። "እኔ ግን ከኋላዬ ነው የሰማሁት፤ በመጣንበት በኩል። ክሩን እያሰርኩ ጆሮዬ ሥር አንድ ጊዜ ሳለ። ደንግጬ ቀና ስል ነው አንቺ እንደሌለሽ ያየሁት።"

በመጣንበት በኩል ባዶ ሜዳ ነበር። ወፍም አልነበረበት።

እስከ ዛሬ ሳስበው እውላለሁ። እኔን ወደ ገደሉ የጠራችኝ ወፏ ናት። ልጃችንን ቀና ያደረገው ማን እንደሆነ ለፓስተራችንም አልነገርኩ፣ ለእናትህም። ላንተ ብቻ እጽፈዋለሁ፤ አንተ ታውቀዋለህና። ሞቼ እንድከተልህ እንዳልፈለግክ ግን እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ ተረዳሁ፤ ተረድቼም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በተቀበርክ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ቅዳሜ ለት ብቻዬን አባያ ዳር ወረድኩ። አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ ውሃው ውስጥ የቆመ ደረቅ እንጨት ላይ አረፈች። ደረቷ የበሰለ ፓፓያ ይመስላል። ያን ሁሉ ዓመት ስንዞር እንዲህ ያለች አሳይተኸኝ አታውቅም። ስሟን ልጠይቅህ ዞር አልኩ፤ ከጎኔ ማንም የለም። እንደገና ወደ እሷ ተመለስኩ፣ ያንተን ድርሻ ጨምሬ እስክትበር ድረስ አየኋት።

አልረሳህም፣ የምህረት አባት። እግሬ እስከቻለ ድረስ እወርዳለሁ፤ አንተ ያላየኸውንም አይልሃለሁ።

ባለቤትህ አስቴር