ከራሷ ስንዝር ከፍ ያለ እጅ

ህይወትዬ፣

የካርዱ ፎቶ የቦንጋ ጫካ ነው፤ እኔ ግን የምጽፍልሽ ስለ አንድ እጅ ነው።

ሚስጥርን ታስታውሻታለሽ? የራስ ቅሏ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ገጥመው አንጎሏ ማደጊያ አጥቶ፣ ዓምና እኛ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ እዚህ ቦንጋ አጠገብ ካለችው ከማንኪራ የመጣችው ሕፃን። ዛሬ ለክትትል ቤታቸው ሄድኩ። ቁስሏ ድኗል፣ የራሷ ቅርፅ ተስተካክሏል። ልሰናበት ስል አያቷ ጋሽ ተሰማ ተነሥተው ይመርቋት ጀመር። እጃቸውን ግን ከራሷ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ያዙት።

«ለምን አይነኳትም?» አልኳቸው።

«ሐኪም ከልክሎ የለም እንዴ?»

እናቷ በላስቲክ የጠቀለለችውን የሆስፒታል መውጫ ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። «ጭንቅላቷን ማንም እንዳይነካ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። እስከ መቼ እንደሆነ አልጻፍኩም። እኛ ከተማ ታክሲ ውስጥ የማያውቀው ሰው እንኳ የሕፃን ራስ ዳበስ አድርጎ ይወርዳል፤ እዚህ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ዓመት ሙሉ እጁን ሰብስቦ ኖረ።

«ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ተሰማ አልተቆጡኝም። ደጅ ወጥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ተመልሰው መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ራሷ ላይ አሳረፉ። ምርቃቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ቦታ አለቀብኝ። የክፍላችንን ልጆች በሙሉ ሳሚልኝ። ነገ ሕፃን ስታስወጪ ግን፣ እባክሽ፣ ወረቀቱ ላይ እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑን ጻፊበት።

ሰሎሜ