ያልታጠበው ውጅግራ

ማክሰኞ

አያ፣ ወንድሜ፣ ውጅግራው ዝጓል። አትቆጣ፣ ልጨርስልህ።

በቀብርህ ዕለት አጎታችን ራሳቸው ባሩድ በሞሉት ጥይት ሦስት ጊዜ ተኮሱልህ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጭሱ ሳይበተን ውኃ ታስጥድ ነበር። የተተኮሰ ውጅግራ ሳይታጠብ አያድርም ትል ነበር፤ ሳታጥበው እህል አትቀምስም። ያን ቀን ማን ይጠበው? ተቀብዬ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ያ ከገሳይ ከተማ ይዞህ ይመጣ የነበረ መኪና ከተገለበጠ ይኸው ወር አለፈው።

ዛሬ ሳወርደው አፈሙዙ ቀይ ነው። ደንግጬ የስፌት መኪና ዘይት አፈሰስኩበት። እሑድ አርባህ ነው። አባባ በቅድመ አያቱ ጠመንጃ ይተኮስለታል ብለዋል። አጎታችን ደግሞ በዛገ ጠመንጃ አይተኩሱም፤ ይፈነዳል፣ ሰው ይፈጃል ባይ ናቸው።

ረቡዕ

የኬሚስትሪ መምህራችን አንዳንድ ጨው ከአየር ላይ ውኃ ይስባል አሉ። ሌላው ይጽፋል፣ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የባሩድ ጥላሸት ጨው ጨው ይላል፤ አንተ ነህ በምላሴ ያስቀመስከኝ። ዘይት ደግሞ እንደ ውኃ ጨው አያሟሟም። ስለዚህ ትናንት ክዳን ከደንኩለት እንጂ አላዳንኩትም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አጎታችን ከጋፋት መጥተዋል። አየሩን አሸተቱ።

«የምን ግም እንቁላል ነው እሱ?»

«የጎረቤት ዶሮ ይሆናል» አልኩ።

«እንዲህ ያለችዋስ ለዓመት በዓልም አትታረድ!»

አልሳቅኩም። የሚሸተው የባሩዱ ጥላሸት ነው፤ ውጅግራውን እንዳያዩ ግድግዳው ፊት ቆምኩ።

ዓርብ

እማዬ ለቆሎ ተማሪዎች ልትሰጥ ልብሶችህን አጠበች። የውጅግራውን መወልወያ ጨርቅህንም አብራ። ገመዱ ላይ ከሸሚዞችህ መሃል ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ጥላሸት እንዴት እንዳስለቀቀችው እንጃ፤ ነጭ ሆኗል።

«ይሄ ምኑ ነበር?» አለችኝ።

«መሐረቡ።»

እውነቱን ልጻፍ። የረሳሁት አይደለም። ያን ቀን መታጠብ እንዳለበት አውቅ ነበር። ካጠብኩት ሥራህን ወሰድኩ ማለት ነው፤ ከወሰድኩ ደግሞ አትመለስም። ለዚህ ነው የተውኩት።

ለአባባ ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ «አውቃለሁ» አሉ። «እኔም ሁለቴ ላወርደው ተነሥቼ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ እጠበው። ነገ አጎትህ ያየዋል። አይሆንም ካለ አይተኮስም።»

ቅዳሜ

የለቅሶው እንግዶች ሁሉ ሄደዋል። አባባና እማዬ ካህናቱን ሊያነጋግሩ ማልደው ወጡ። ካንተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስሆን የመጀመሪያዬ ነው።

ጥይት አለመኖሩን አየሁ። የኋላውን ብረት አወጣሁ። ትልቁን ድስት ጣድኩ። የማክሰኞውን ዘይት በሳሙና አስለቀቅኩ፣ ከዚያ የፈላ ውኃ በአፈሙዙ። መጀመሪያ ጥቁር ወረደ፣ ቀጥሎ ቀይ። አምስተኛው ላይ ጠራ። ብረቱ ግሎ ሊያዝ አልቻለም፤ «ተወው፣ ራሱን ያድርቅ» ትል የለ፣ ተውኩት። በነጩ ጨርቅ ወለወልኩ። ዘይቱን አሁን ቀባሁት፣ በስሱ።

ወደ በሩ አዙሬ ከኋላ አየሁበት። ያበራል። ወደ መካከሉ ግን ሁለት ጉድጓድ አለ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህል። ብፈትገውም አልሄደም። አጎታችን ምን እንደሚሉ እንጃ።

ሰቀልኩት። እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ቁርሴን በላሁ።