የ«አረም ሐኪሙ» አያታችን የሕይወት ታሪክ

አያታችን ከጀልባ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ሐይቅ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አምስተኛው ስለነበሩ አዲስ ጫማ ያደረጉት በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ እሱም ጠቧቸዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው በ1966 ዓ.ም. በውሃ ጥናት ቢሮ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኑ። በ1971 ዓ.ም. የቢሮውን ታይፒስት አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

የዕለት ተግባራቸው የውሃ ተክሎችን በጠርሙስ እያሳደጉ ሥሮቻቸውን መለካት ነበር። አንዱን ጠርሙስ በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ዝልግልግ በወረረው ውሃ ይሞላሉ፤ ዘወትር ሰኞ ሥሩን በክር ለክተው ክሩን ማስመሪያ ላይ ይዘረጋሉ። ቢሮው መደርደሪያ ሲጠበው ግማሹን ጠርሙስ ወደ ቤት አመጡት። ሴት አያታችን «ሰው ቤት አበባ ይተከላል፣ እኔ ቤት አረም ይታከማል» እያሉ ስላማረሩ፣ ሰፈሩ «የአረም ሐኪም» የሚል ስም አወጣላቸው።

በ2001 ዓ.ም. ሐይቁ በአልጌ ተሸፍኖ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ። ቢሮው አልጌውን የሚገድል ዱቄት በተነበት፤ በሁለት ሳምንት ውሃው ጠራ፣ ሁሉም ተደሰተ። አያታችን ግን አልጌው ሲሞት በውስጡ ያለው መርዝ ውሃው ውስጥ እንደሚቀር ያውቁ ነበር። በዚያ በጠራ ውሃ ያስቀመጧቸው ተክሎች ሥር ከጥፍር አላለፈም፤ ቅጠላቸውም ነጣ። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፈው አስገቡ። አለቃቸው ሦስቱንም ጊዜ «ጋሼ፣ ውሃው እኮ ጠርቷል! አረም ሞተ ብለን ልናለቅስ ነው?» አሏቸው። በአራተኛው «ተክሎቹ ደህና ናቸው፣ ዱቄቱ በድጋሚ ይበተን» የሚል ወረቀት አያታችን እንዲፈርሙበት ቀረበላቸው። ፈረሙ። የፈረሙት ስለደከማቸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም፣ እኛም አንፈጥርላቸውም።

ዱቄቱ በድጋሚ ተበተነ፤ በዓመቱ የሐይቁ ዳር ባዶ ጭቃ ሆነ። ዓሣ እንቁላል የሚጥልበት ተክል ሁሉ ጠፋ። ዓሣ አጥማጅ የነበሩት ታናሽ ወንድማቸው መረባቸውን ሸጠው የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ወንድማቸው አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ ቢወቅሷቸው ይሻላቸው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም ውሃ እየቀዱ መለካታቸውን አልተዉም። ውጤቱን የጠየቃቸው ሰው የለም። በመጨረሻም በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲሠቃዩ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት «ሌላውን እንደፈለጋችሁ አሳምሩት፣ ፊርማዬን ግን እንዳትዘሉት» ብለው አዘዋል። አንዳንድ ትልልቅ ዘመዶች ይዘለል ብለው ነበር፤ አልተዘለለም። በመካከላችን ያላችሁ የቢሮው ሰዎች፣ ያ ወረቀት ልክ አልነበረም፤ እሳቸው ራሳቸው ብለዋል። ወንድማቸውም ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሰምተዋልና ይቅር ይበሏቸው።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ስድስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ በጣም ደክሟቸው ነበር።