መቋሚያዬን ሦስቴ ያነሣሁ ለት

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ለኩልመስኳ የዘር መጋዘን አለቃ።

አስቀድሜ ለአገር የሚበቃ ዜና ላሰማሽ፤ ቆመሽ እንደሆነ ተቀመጪ። ቀይዋ ዶሮ ቤት ቀይራለች። ቄስ ምሥጋናው ለፀሐይ ካሰጡት ጃንጥላ ውስጥ ገብታ ሦስት እንቁላል ጣለች። እርሳቸውም ዝናብ ቢደበድበኝ ይሻለኛል እንጂ አላስነሣትም ብለዋል። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው።

አንቺስ እንዴት ከረምሽ፣ የኔ ሸጋ? እንቅልፍሽስ? ከሳች ሲባል ሰምታ አያትሽ እኔን ትቆጣለች፤ ያከሳሁሽ እኔ ይመስል።

ወሬውን ያመጣው የመጋዘን ጠባቂሽ፣ ያ ሰውነት የሚባለው ልጅ፣ ነው። ቅዳሜ ለገበያ መጥቶ ቤት ጎራ አለ። ጠዋት ዘሩን አከፋፍሉ ትለናለች፣ ቀትር ላይ ዝጉ፣ እንደገና ይፈተሽ ትላለች፤ ዝናቡ ገብቶ ገበሬው አህያውን ይዞ ሦስት ቀን በር ላይ ዋለ አለኝ። ለምን አትነግራትም ብዬ ስጠይቀው፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ እያየን እኛም ደንግጠን በሩን እንዘጋለን፣ አባባ፣ አለ። ከዚያ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። ሹመቱን ልመልስ ሰኞ ማመልከቻ አስገባለሁ፣ ምን ይላሉ ብለሽኛል።

በስልክ ብመልስልሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍሁ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት በልደት ዕለት እዚሁ ላሊበላ፣ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው በማሜ ጋራ ዓለት ላይ ዝማሬውን እንድመራ ተሾምሁ። ግማሻችን ከዓለቱ ጫፍ፣ ግማሻችን ከታች ከቤተ ማርያም ግቢ ሆነን እየተቀባበልን ነው የምንዘምረው፤ ሁሉም የሚያየው የመሪውን መቋሚያ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ብሳሳትስ ስል አድሬ፣ መቋሚያዬን አነሣሁ። የቸኮልሁ መሰለኝና አወረድሁ። የዘገየሁ መሰለኝና አነሣሁ፣ ደግሞ አወረድሁ። ከላይ ያሉት ፈጠኑ፣ የታቾቹ ገና ያዘግማሉ። ከበሮ መቺው ደባሱ እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ በጆሮዬ፣ መሪጌታ፣ ቢሳሳቱም አብረን እንሳሳታለን፣ አንዱን ብቻ ያሳዩን፣ አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አነሣሁና እየተንቀጠቀጥሁ ያዝሁት። ዜማው ገጠመ።

በማግሥቱ ጉልበቴን አመመኝና መሪነቱን ለደባሱ ለቀቅሁ። ይኸን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ የኔ ዓለም፣ ሰኞ ማለዳ ሰውነትን ጥሪና ስለ ዘሩ ጠይቂው፤ በእጁ የሚያገላብጠው እርሱ ነው። ከዚያ አንዱን ተናገሪ፣ እስከ ማታም አትለውጪው። እጅሽ ይንቀጥቀጥ ተይው፤ በአለቃ እጅ መንቀጥቀጥ የተራበ ገበሬ የለም። ማመልከቻውን ግን አታስገቢ።

ቅዱስ ላሊበላ የዓለቱን ያህል የጸና ልብ ይስጥሽ። ክረምቱን በደኅና ያሳልፍሽ፣ ለዘሩም ለአንቺም ይዝነብላችሁ።

የሚወድሽና የሚጨቀጭቅሽ
አያትሽ

ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቦታ ተረፈኝ። ከላይ ከጻፍሁት የፈጠርሁት አንድ ነገር ነው፤ ጉልበቴ። ታሞ አያውቅም። መሪነቱን ተው ያለኝም ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ልደት በመጣ ቁጥር ከዳር ቆሜ እጄ ሳላውቀው ብድግ ይላል። ለአያትሽ ግን አትንገሪብኝ፤ በየእሑዱ ጉልበቴን በቅቤ ስታሸኝ ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፣ እሱንም ደግሞ ማጣት አልፈልግም።