ጫማዎን ሳያወልቁ የፈረዱበት ሳጥን

…መንዙማው ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር። ሟቹ አባቴ በቪዲዮው ሊታይ ትንሽ ሲቀረው ድምፁ ተቆረጠና አንድ የማላውቀው ጎረምሳ በኳስ ውርርድ ስለ መክበር ይጮህ ጀመር። እናቴም ስልኩን እንደ ነውረኛ ሰው አፍ በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው። ከዚያ ምን እንዳለች ለማስታወስ ስሞክር ብዕሬ ቀድሞኝ ሄደ፤ ሰላምታውንም ረሳሁት። ይቅር ይበሉኝ፣ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ለተከበሩ የሠፈራችን ቅሬ ዳኛ፣ ለጋሽ አብዱልሐሊም
መርሳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ከመንገድ ማዶ ሆኖ የእኔን ግቢ የሚጠብቀው ብርቱ ዓይንዎ እንደምን ከርሟል? የብርቱካን ዛፎችዎስ? መድረቃቸውን ትተው ማቆጥቆጥ እንደ ጀመሩ በአጥሩ ላይ አይቼ ደስ ብሎኛል። ስለ እነሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ሲመለሱ ሽማግሌዎቹን አስከትለው በደጃፌ ቆሙ። ግቡ ብል አልገቡም። አንድ እግርዎን እንኳ ከመድረኩ ሳያሳልፉ፣ «ያንን ሳጥን እስከሚመጣው ጁምዓ ካልዘጋህ ከቅሬው ወጥተሃል፤ አንተም፣ በቤትህ ያለም» ብለው ፈረዱ። ሟቻችንን የሚቀብረው፣ እስላም ክርስቲያኑን በአንድ ድንኳን አስቀምጦ የሚያስተዛዝነው ቅሬያችን ከዚህ በፊት በማሽን ላይ ፈርዶ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ተከሳሽ ከእኔ ቤት በመገኘቱ ኩራት ይሰማኛል። «በቤትህ ያለ» የተባለችው ግን እናቴ ዓቢዳ ናት። ከእኔና ከእሷ በቀር በቤቱ ሰው የለም።

ሳጥኑ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ በመፍረድዎ ከብዙ ማብራሪያ ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም ይህ ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ለሌሎቹ አባላት ስል ጥቂት ልበል። ወልድያ ከተዘጋ አንድ የኢንተርኔት ካፌ ያመጣሁት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የለውም። ከእናቴ መኝታ ቤት በር አጠገብ፣ ከእህል ጎታው ጎን ተቀምጦ ያጓራል። ሰርቨር ይባላል። የጫንሁበት ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን ሥራውም መላላክ ብቻ ነው፦ እናቴ አንድ ቪዲዮ ስትፈልግ በስልኳ ሳጥኑን ትጠይቃለች፤ ሳጥኑ ሁሉም ከሚያውቀው ትልቅ የቪዲዮ ድረ ገጽ ሄዶ ያመጣላታል፤ ማስታወቂያውን ግን መንገድ ላይ ይጥለዋል። «ይህንንም እዪ፣ ያንንም እዪ» እያለ አይጎተጉታትም። ድረ ገጹም የሚያውቀው ተላላኪውን እንጂ ላኪዋን አይደለም።

መመሪያው «በጥቂት ትእዛዝ ያልቃል» ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው መርሳን አያውቃትም። መብራት ይሄዳል፣ ሳጥኑ ይሞታል፤ መብራት ይመጣል፣ ሳጥኑ ይነሳል፣ አድራሻውን ግን ረስቶ ይነሳል። ትልቁ ድረ ገጽ በሩን በቀየረ ቁጥር እኔ አዲስ ቁልፍ ስፈልግ እውላለሁ። ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቀን መቀመጥ ስለ ለመድሁ ነው የቻልሁት። አሁን ደግሞ ጉርምርምታው ዝም ሲል የምጽፈውን አቁሜ አዳምጣለሁ። የሚተነፍስ ይመስለኛል። አንዳንዴ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አላውቅም።

እነሆ ቅሬታዎቼ።

አንደኛ፦ «አረንጓዴ ዓይን አለው፤ ሰው ያያል» ብለዋል። ያ መብራት ሳጥኑ መሥራቱን ብቻ ያሳያል፤ ሌላ ምንም አያይም፤ እንደ እርስዎ ዓይነት ተሰጥዖ የለውም። ቢሆንም ቃልዎ ፍሬ አፍርቷል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሸዋዬ እናቴን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ከሳጥኑ ፊት ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ «እንደምን ዋልህ» ትለዋለች። ምነው ብላት፣ «ሳያውቁ መናቅ አይገባም፤ ነገ ሹም ቢሆንስ?» አለችኝ። ሳጥኑ በእርስዎ ምክንያት ያገኘውን ክብር እኔ ተወልጄ ባደግሁበት ሠፈር እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስለ እሱ ሆኜ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ በሞኝነቴ፣ በስልካቸው ሳጥኑን ለሚጠቀሙ ጎረቤቶቼ እንዲህ ብዬ አስረድቼ ነበር፦ «ድረ ገጹ የሚያየው የእኔን ሳጥን ብቻ ነው፤ ከእናንተ መካከል ማን ምን እንዳየ አያውቅም።» ልብስ ሰፊው ንጉሴ መርፌውን አቁሞ አሰበና፣ «እንግዲያ የምናየው ሁሉ በአንተ በአማን ስም ነው የሚጻፈው? ተመስገን!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደሚያይ አልጠየቅሁትም፤ ሲያይ ግን በጣም ይስቃል። ነገሩ ከእርስዎ ዘንድ ሲደርስ እርስዎም እንደ ዓሊም ተመራምረው «እንዲያ ከሆነ ወንጀሉም፣ ኃጢአቱም በባለቤቱ ላይ ይጻፋል» አሉ። የሠፈሩን ወንጀል ሁሉ እኔ እንድሸከም በዚህ ፍጥነት መወሰንዎ ትከሻዬን ምን ያህል እንደሚያምኑት ያሳያል። ትንሽ ግር ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ ወንጀሉ በእኔ ስም ከተጻፈ፣ እናቴ መንዙማ ሰምታ ያለቀሰችበት አጅር፣ ምንዳውስ በእኔ ስም ይጻፋል? በዚህኛው ላይ ፍርድዎ ዝም ይላል። አሚን ለማለት ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

ሦስተኛ፦ ድንኳኑ።

ይህ ከሁሉ የከበደው ክስ ነው፤ ስለዚህም ሳልቀልድ ልጀምረው። የአቶ ገዛኸኝ አክስት ባረፉ ዕለት የሠፈሩ ወንዶች አልተገኙም። ድንኳን አልተተከለም። ከውርጌሳ የመጡት ለቀስተኞች ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ እርስዎም በእንግዳ ፊት ብቻዎን ካስማ ይዘው ታዩ። ያፈሩትን ማፈር አውቃለሁ። ወንዶቹ ከእኔ ቤት ነበሩ። እውነት ነው። የሚደርቅ ብርቱካን እንዴት እንደሚድን የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰብስበው በስልኬ ያዩ ነበር፤ በዚህ በሀብሩ ምድር ብርቱካኑ ከጫፉ እየደረቀ ሲሄድ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ ነው።

«ለቅሶ የለፈፈውን ሰው ድምፅ በሳጥኑ ጩኸት ሳይሰሙ ቀሩ» ብለዋል። ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ያን ቀን የለፈፈ ሰው የለም። ለፋፊያችን ዛኪር ድምፅ ማጉያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ዘግቶታል። የጠየቀውን አስታውሳለሁ፦ «አሁን ይኼ ሰውዬ የቆረጠው ከደረቀው ላይ ነው ወይስ ከለጋው?» ኋላም ዛኪርን እንዲፈልግ የላኩት የገዛ ልጅዎ አሚር ደረሰ። ከበሩ ሆኖ «ዛኪር እዚህ የለም እንዴ?» አለ። ዛኪር ዞር ሳይል፣ «አለሁ፤ ዝም በል፣ ቅባቱን ሊያሳየን ነው» አለው። አሚርም «ቆይ፣ ይቺን ልይ» ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ሽማግሌዎቹ ፊትም ዝም አልሁ፤ ዛኪር እንጀራው ነው፣ አሚርም ልጅዎ ነው። አሁን ግን የእርስዎ ብርቱካኖች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ይታዩኛል። ቅርንጫፎቻቸው በወጉ ተገርዘዋል፣ ቁስላቸውም ነጭ ነገር ተቀብቷል፤ ልክ በቪዲዮው እንዳየነው። የተወገዘ ሳጥን ያስተማረው እጅ የዳኛውን ጓሮ ሲያድን ማየት ልብ ያሞቃል። ፍሬው በደረሰ ጊዜ ለሳጥኑ ድርሻ አይጠየቅም፤ አይበላም።

አራተኛ፦

አራተኛውን ጽፌ ሰርዤው ነበር። መልሼ እጽፈዋለሁ።

እናቴ ዳሌዋ ሳይከዳት በፊት ይህ ቅሬ ጠርቷት የቀረችበት ቀን የለም። ለለቅሶ ቤት ውሃ ቀድታለች። የሠፈሩን ሴቶች፣ የእርስዎን እናት ጭምር፣ ሲሞቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበች እሷ ናት። ጁምዓ ዕለት ከደጅ የተናገሩት ሁሉ ከአልጋዋ ይሰማል፤ ግድግዳችን ጭቃ ነው። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ገባሁ። ስለ እርስዎ ክፉ አልተናገረችም። «አማን፣ እኔን ማን ያጥበኛል?» አለችኝ፤ ክብሪቱን የት አኖርኸው እንደምትለኝ አድርጋ። ስልኳን በፊቱ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ መንዙማውን ክፈትልኝ ብላኝ አታውቅም።

ሳጥኑ ያጓራል። እናቴ ግን አትጠይቀውም። ለመዝጋት አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ ጣቴን አስቀምጬበት አንስቻለሁ። ብዘጋው እናቴ ቀባሪ ታገኛለች፣ አባቴን ግን ከዚያ የውርርድ ጎረምሳ ጀርባ ታጣዋለች። ባልዘጋው አባቴን ታያለች፣ ቀባሪ ግን የላትም። በአንድ ጁምዓ ቀጠሮ እንዲህ ያለ ምርጫ ለሰው ማዘጋጀት ተራ ዳኛ አይችለውም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ እኔን ከቅሬው ያስወጡኝ። በደስታ እወጣለሁ። አንባቢዎቼ ብዙ ባይሆኑም ለቃሬዛ አያንሱም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢያንሱም ሳጥኑ መንገድ ይመራል። እናቴን ግን ይተዉአት። እሷ ሰርቨር አልጫነችም። አንድ ሰው ልታይ ብቻ ነው የፈለገችው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ሳይሰሙ ስለ መፍረድዎ፣ ሳያዩ ስለ ማየትዎ፣ ከደጃፌም ላይ ሆነው ወደ ውስጥ ባለመግባት ለወለላችን ንጽሕና ስላሳዩት ጥንቃቄ በሠፈሩ ፊት አመሰግናለሁ። አላህ ዕድሜዎን ከብርቱካንዎ ጋር ያለምልመው፤ ካስማ ብቻዎን ከመያዝ ይሰውርዎ።

የወንጀላችሁ ሁሉ ባለአደራ፣ እስከ ጁምዓ ድረስ ብቻ የቅሬው አባል፣
አማን፣ የዓቢዳ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። እናቴ የምታየው ቪዲዮ ዱሮ በሐራ በአንድ ሀድራ፣ በመንዙማ ጉባኤ ላይ የተቀረጸ ነው። ምስሉ ደብዝዟል። አባቴ በሁለተኛው ረድፍ ያጨበጭባል። ከእሱ ቀጥሎ ፂሙ ገና ያልሞላ፣ የሸሚዙ አንገት የተተረተረ ጎረምሳ ያን ብርቱ ዓይኑን ጨፍኖ ድቤ ይመታል። መንዙማው ከፍ ሲል አባቴ ዞር ብሎ የጎረምሳውን ላብ በገዛ ጋቢው ጫፍ ይጠርግለታል። ጎረምሳው ዓይኑን አይገልጥም። ማን እንደ ሆነ ለማንም አልተናገርሁም፤ እናቴም አልተናገረችም። ደጅ ቆሞ ለሚፈርድ ሰው ደግሞ ይህን ማሳየት አይቻልም።

ይህን በመጻፍ ላይ ሳለሁ የግቢው በር ተንኳኳ። እርስዎ ነዎት፤ ብቻዎን። ከኋላዎ ሸዋዬ በፍጥነት ወደ ቤቷ ስትገባ አየኋት። እናቴ ምን ብላ እንደላከቻት ማንም አልነገረኝም። ከመድረኩ ላይ እንደ ጁምዓው ቆሙ። ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

«አብዱልሐሊም! ዳኛ ሆነህ ደጅ ለደጅ ትቆማለህ? ና ግባ!»

«እትዬ ዓቢዳ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው።»

«አውልቀዋ! የእናትህ ቤት ሲሆን ታውቅ አልነበር?»

ጎንበስ ብለው ጫማዎን አወለቁ። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። ከሳጥኑ ፊት ሲደርሱ ግን ጥቂት ቆም ብለው፣ ሸዋዬ እንደምታደርገው፣ ኮፍያዎን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ገቡ። የደፋችው ስልክ ከምንጣፉ ላይ ሲነሳ ሰማሁ። የሳጥኑ ጉርምርምታ ከፍ አለ። ድቤው ጀመረ፤ ምንም ሳይቆርጠው ቀጠለ።

በሩን ከውስጥ ዘጉት።