ዕዳ ሳይኖርብኝ በመምጣቴ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለክቡር አቶ ፕሬንቲስ ሃል
የሸለቆው ቁጠባ ባንክ ሥራ አስኪያጅ
ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ከሁሉም በላይ የባንክዎ ካዝና በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ባለፈው ወር ቤቴን አስይዤ ልበደር መጥቼ ጊዜዎን ያባከንኩት ሽማግሌው አናጺ ኦሪ ሽሮክ ነኝ። ባለቤቴ ቨርላ ግማሽ አካሏ ከሰለለ ወዲህ ደረጃ መውጣት ስለማትችል፣ ከታች መታጠቢያ ክፍል ላሠራላት ፈልጌ ነበር።

፩ኛ፦ ቤቴ የሳንቲም ዕዳ እንደሌለበት በኩራት መናገሬ ጥፋት መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እኛ ሜኖናውያን ክርስቲያኖች ዕዳን እንደ ነውር እየቆጠርን ስላደግን፣ ተበድሮ የማያውቅ ሰው ከማይከፍል ሰው ጋር እኩል እንደሚታይ አናውቅም ነበር።

፪ኛ፦ ሠራተኛዎ ሰው በተሰለፈበት፣ «አባባ፣ የብድር ታሪክ የለዎትማ። መጀመሪያ ክሬዲት ካርድ ያውጡና ቤንዚን ይቅዱበት፤ ከዓመት በኋላ እናያለን» ብላ መክራኛለች። ለምክሯ ባለውለታ ነኝ፤ ቨርላን «ዓመት ታገሺ» ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

፫ኛ፦ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ጉባኤያችን መረዳጃ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። በእኛ ደንብ እርዳታ የሚሻ ሰው ችግሩ እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ቨርላ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ በሳፋ ገላዋን እንደማጥባት ማንም እንዳይሰማ ለምናኝ ነበር። እርስዎ ከመለሱኝ በኋላ ግን ሌላ መንገድ አጣሁ። ዲያቆናችን ሊቫይ ሲያነበው እርሷ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች፤ እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንዶቹ በቀጣዩ ቅዳሜ መጥተው ክፍሉን ሠርተውልን ሄዱ፤ እግዜር ይስጣቸው። እርሷ ግን ከዚያ ወዲህ ጉባኤ አልሄደችም፣ እኔንም ቀና ብላ አታየኝም። አፍሬአለሁ ክቡር ሆይ፤ ይህን አሹፌም ልሸፍነው አልቻልኩም።

ለባንክዎ ዕዳው የማያልቅ ደንበኛ እንዲበዛለት እየጸለይኩ፣

ከዕዳ ንጹሕ በመሆኑ የማይታመነው ትሑት አገልጋይዎ
ኦሪ ሽሮክ

ማሳሰቢያ፦ ሠራተኛዎ ክርኗን አስደግፋ የመለሰችኝ የኦክ እንጨት ባንኮኒ የእጄ ሥራ ነው። ባንኩን በከፈቱ ዓመት አባትዎ «የምከፍልህ አሁን የለኝም፣ ጥቂት ታገሠኝ» ብለውኝ ታግሻለሁ። ያን ጊዜ ባንክዎም የብድር ታሪክ አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።