መቃኛው ሥር የተገኘች ጨርቅ

የካቲት 4/1994፣ ጠዋት

ሦስት ሬዲዮ። ሁለቱ ዳኑ፣ አንዱ በጉንዳን ተበልቶ ሞቷል። አቧራው ጠረጴዛዬን ሁለቴ አስጠረገኝ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ግን ደስ የሚል ሥራ መጣ። ጎረቤቴ የሰሊጥ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ በጆንያ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ጊታር አመጡ። ጥቁር፣ አሮጌ፣ አሜሪካ ሠራሽ። አንድ የካርቱም የሰርግ ዘፋኝ ይፈልገዋል፤ ኦርጅናል ከሆነ ብቻ። ባለቤቱ እዚህ ገዳሪፍ ለማንም ሳያሳዩ በቀጥታ ካርቱም እንዲልኩት አደራ ብሏቸው ነበር። እሳቸው ያልተመረመረ ዕቃ አይሸጡም። ኡስታ ጌታነህ ይየው አሉኝ፤ ባለሙያው ማለታቸው ነው። ኮራሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ክሮቹን አላላሁ። አንገቱን የያዙትን አራት ብሎኖች ፈታሁ። ከውስጥ በእርሳስ የተጻፈ የፋብሪካ ቀን፣ ደብዝዟል። ጥሩ ምልክት። ድምፅ የሚስቡት ማግኔቶች የድሮ ናቸው፣ ብየዳቸው አልተነካካም። ቀለሙ ግን ውሸታም። የፊት ፕላስቲኩን ሳነሳ ከሥሩ ቀይ። ጥቁሩ በብሩሽ የተለቀለቀ የበር ቀለም ነው። ምን ዓይነት አረመኔ ነው? እጁ ይቆረጥ።

ቀይ። የወንድሜ የሙላትም ቀይ ነበር። ዝም በል ልቤ፣ በዓለም ላይ ስንት ቀይ ጊታር አለ።

የካቲት 5፣ ጠዋት

መቃኛዎቹ ቀርተውኝ ነበር። ተቀይረው እንደሆን ለማየት አንድ በአንድ እፈታለሁ። ሦስተኛውን ስነቅል ከቀዳዳው ጨርቅ ወጣ። ከጣት ያነሰች አረንጓዴ የጥለት ቁራጭ።

ቆይቼ ልጻፍ።

ሙላት ከጊታር በፊት ክራር መቺ ነበር። ክራር መቺ ክሩ እንዳይንሸራተት ጨርቅ ይጠመጥማል። የጊታሩ መቃኛ ሲላላበት ያንኑ አደረገ፤ ከእናታችን ቀሚስ ጥለት ቀዶ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀ። ለአሜሪካ ዕቃ የደንቢያ ጥገና ብዬ ሳቅኩበት። ጥለቱን አውቀዋለሁ። እናቴ ያንን ቀሚስ ለብሳ ነው ያሳደገችን።

በ83 የተሸነፈው ጦር ወደ ሱዳን ሲፈስ ሙላት ከጦሩ የሙዚቃ ቡድን ጋር ነበር። እኔ ቀድሜ ገዳሪፍ ገብቻለሁ። ጓደኛው ደሳለኝ መጥቶ፣ ሽፍታ ገደለው አለኝ። ጓንግ ወንዝ ዳር ወሰደኝ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል። ዝንብ። ጊታሩ የለም። ደሳለኝ አብሮኝ ቆፈረ፣ ከእኔ በላይ አለቀሰ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ሐጂን ባለቤቱ ማን ነው አልኳቸው። አልሸሸጉም። ባሱንዳ እርሻ ላይ የሚሠራው ጓደኛህ ደሳለኝ ነው አሉ።

ሳላውቀው መዶሻ ይዣለሁ። ሐጂ ምን ሆንክ ሲሉኝ፣ ጊታሩ ሁለት ቀን ይፈልጋል አልኳቸው።

የካቲት 6

ደ. ነገ ለገበያ ይመጣል። (ስሙን ሙሉውን መጻፍ አስጠላኝ።) ሚስቴ ትርንጎ፣ እንግዲህ ደግሞ ምግቤን ሊንቅ ነው ብላ አጉረመረመች። እሷ ለቀልድ ነው። እኔ ግን መቁጠር ጀመርኩ።

ዐሥር ዓመት ቤቴ ይገባል ይወጣል። አንድ ጉርሻ አልዋጠም! አንዴ ጾም፣ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ አሁን በላሁ። ውኃ እንኳ ከራሱ ጀሪካን። እኛ ደግሞ ይሉኝታው እያልን እናመሰግነዋለን። ደም ያለበት ሰው ሳይታረቅ ከሟች ቤት ከቀመሰ ገላው እንደሚቆስል በአገራችን ሕፃን ያውቃል። እኔ ጅሉ አላወቅኩም።

ወይም እውነት ጨጓራ ነው። ጊታሩንም ከሌላ ገዝቶት ይሆናል። ቀለም አይቼ አልፈርድም። ፈትቼ አያለሁ።

የካቲት 7፣ አመሻሽ

መጣ። ሱቁን ከውስጥ ቆለፍኩ። ትርንጎ የሠራችውን ሽሮ በእንጀራ ጠቀለልኩ። በሞቴ አልኩት። ጨጓራዬን አለ። «በሙላት ሞት ጉረስ» አልኩት። አፉን ገጠመ። ላብ በላብ ሆነ። ያን ጊዜ ጨርቋን አሳየሁት።

ቅደም ተከተሉን አላስታውስም። አገጩን ያዝኩ። ጉርሻውን በጡጫ አስገባሁለት። ሁለት ጥርሱ ተሰበረ፣ የእኔም ጣት ተቀደደ። አነቀው፤ ሽሮና ደም ተፋብኝ። ቀኝ እጁን የጠረጴዛዬ ሞርሳ መንጋጋ ውስጥ አስገብቼ ጠመዘዝኩ። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ደስ አለኝ። አንተን አልዋሽህም ደብተሬ፣ ደስ አለኝ።

ተናዘዘ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጊታሩን ስጡኝና ሁለታችሁንም ላሻግራችሁ ብሏቸው ነበር። ውኃ ካለቀባቸው ሁለት ቀን ሆኗል። ሙላት እምቢ አለ። ተናነቁ። ደ. ድንጋይ አነሳ። አንዴ ብቻ ነው የመታሁት አለ። አንዴ ብቻ! ሹፌሩ ደም ሲያይ ጥሎት ሄደ። ደ. በእግሩ ተሻገረ፣ ጊታሩን በጆንያ ይዞ። መምታት አይችል፣ መጣል አልሆነለት፣ መሸጥ ፈራ። ዘንድሮ ከዓይኑ እንዲጠፋለት ለሐጂ ሰጠ።

መዶሻውን አነሳሁ። ሐጂ ጩኸቱን ሰምተው በሩን ሰብረው ገቡ። ደ.ን ሊከልሉ እላዩ ላይ ተደረቡ። መዶሻው የእሳቸው ክንድ ላይ አረፈ። ምንም ያላደረጉኝ ሽማግሌ። አፈርኩ።

የካቲት 9

ደ. ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ተንበርክኳል። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አፉ አብጦ፣ የተሰበረ እጁ በጨርቅ ተንጠልጥሎ። የአገራችን የይቅርታ ልመና ነው። ሱዳኖቹ ከበው፣ ኡስታ፣ ምን አደረገህ ይሉኛል። ሐጂ በታሰረ ክንዳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ አንሳለት ልጄ ይላሉ። ካነሳሁለት ማርኩት ማለት ነው።

ሙላትን በምን እንደገደለው እያወቀ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። ድንጋዩ እጄ ቢገባ የት እንደማሳርፈው አውቃለሁ። ስለዚህ ከወንበሬ አልነሳም።

ከሰዓት

ሐጂ ለዘፋኙ ምን ልበለው አሉኝ። ኦርጅናል አይደለም ይበሉት አልኩ። ቀለሙ የበር ነው፣ መቃኛው ውስጥ የእናቴ ቀሚስ አለ። እውነቴን ነው። ገባቸው፣ ጊታሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ለእናቴ ሽፍታ ገደለው ብዬ መልእክት የላክሁላት እኔ ነኝ። ዐሥር ዓመት ስታለቅስ የኖረችው በእኔ ቃል ነው። ድንጋዩን የምታነሳም የማታነሳም እሷ ናት። ወጥቼ፣ እሷ ፊት ትቀርባለህ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፣ እሺ አለ።

ነገ ጠዋት በገላባት አድርገን፣ በመተማ፣ ደንቢያ እናቴ ቤት። ጓንግ ስንደርስ እጄን ስለማላምነው ሐጂ በመሃላችን እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ትርንጎ መዶሻውን ደብቃዋለች። የት እንዳለ አውቃለሁ፣ አልወስደውም። ጨርቋን ቦታዋ መለስኳት፣ ብሎኑን አጠበቅኩ።

ጊታሩን እኔ እይዛለሁ፣ ድንጋዩን እሱ።